በእኔ የተለወጠው ሰው

ልጄ ሊና ከልምምድ ስትመለስ ቦርሳዋን የምትጥለው ኮሪደሩ መሐል ነው። እናቷ ብትቆጣ፣ እኔ ብለማመጥ ቦታው አይቀየርም። ባለፈው ሰሞን የምነዳውን ትራም አስረክቤ ጄኔቫ፣ ካሩዥ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ገብቼ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል፣ ዚፑ ከተከፈተው ቦርሳ የኳስ ጎማ ሽታ መጣብኝ። ጎማ፣ ላብ፣ ሰም የተቀባ የእንጨት ወለል፣ ሁሉም አንድ ላይ። ሌላውን ሰው ያስነጥሰው ይሆናል። እኔ ግን አንድ ጫማ አውልቄ፣ አንዱን እንዳደረግኩ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።

ራት ላይ ሊና ስልኳን ከሳህኗ አጠገብ አድርጋ ታጉረመርማለች። የምትደግፈው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድን ኮከቡን አሳልፎ ሰጥቷል። «ሸጡት?» አልኳት። «አይ አባ፣ አልሸጡትም፣ ለወጡት። ሁለት ዠን ወሰዱ፣ ሁለት ወጣት። ከዚያ ደግሞ ወደፊት አዲስ ተጫዋች ሲመጣ ቀድመው ይመርጣሉ።» ሹካዋን አስቀመጠችና በቀጥታ አየችኝ። «አንተ ምን ትላለህ? ያዋጣል?»

«እኔ እንጃ» አልኳት። ሚስቴ ዘሃራ ቀና ብላ አየችኝ፤ ነገሩን ታውቃለች። እኔ እንጃ ያልኩት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። በዚህ አገር ስለዚህ ጉዳይ ከእኔ የበለጠ ሊናገር የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛም ዘንድ አንድ ጊዜ አንድ ኮከብ ተለውጧል። የተለወጠው ደግሞ በእኔ ነው።

ያኔ ገና ከደሴ የመጣሁ፣ ጢሜ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነበርኩ፤ የምኖረውም ዙሪክ አጠገብ፣ ቪንተርቱር ነው። ከአሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ተዘግተው፣ በመስኮቶቻቸው እርግብ ይገባል ይወጣል። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የሚኖረው ነስሩ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ነበር። እሁድ እሁድ ባቡር እንሳፈርና ዙሪክ ጣቢያ ከትልቁ ሰዓት ሥር እንቆማለን። አማርኛ የናፈቀው ሁሉ የሚቆመው እዚያ ነበር። ስልክ በየኪሱ አልነበረም፤ ሰው ለማግኘት ሰው የሚገኝበት መሄድ ነው። ወንዱ ትከሻው ሰፊ የሆነ ኮት፣ ከሱ በታች ታጥቦ የነጣ ጂንስ፣ ከዚያ በታች ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ ነጭ ሸራ ጫማ ያደርጋል። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ከፊት ወደ ላይ ያቆሙታል። ቡና ሦስት ፍራንክ ስለነበር አንድ አዘን ለሁለት እንጠጣለን፤ አስተናጋጇ ሁለተኛውን ስኒ ባዶውን ስታመጣ ዓይኗን ታጉረጠርጥብናለች። በወይራ ፍሬ ቀለም ቦርሳ ውስጥ ቴፕ ይዞ የሚዞር አንድ የመርካቶ ልጅ ነበር፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ሁሉ ሽማግሌ ይሆናል። ያም ሆኖ እንሰማ ነበር። ዛሬ በዚያ ሰዓት ሥር ሳልፍ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ አያለሁ፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም።

የዙሪኩን የአገር ልጆች ማኅበር የሚመሩት ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ኦፕፊኮን አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ ሆቴል አንሶላ ማጠቢያ ውስጥ ይሠራሉ። ከእጃቸው የሳሙና ሽታ አይጠፋም፤ ከአፋቸው ደግሞ ምርቃት። ማኅበሩ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነበረው። ጄኔቫም ነበራት፣ በርንም፣ ሎዛንም። ሐምሌ ላይ የአገር ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ ይጋጠማል፤ ከኳሱ ይልቅ ጭቅጭቁ ይበልጥ ነበር። ዙሪክ ሁልጊዜ ትሸነፋለች። ጋሽ ታደሰን እንቅልፍ የነሳቸው ይኼ ነው።

አንድ እሁድ ከሰዓቱ ሥር ቆሜ ሳለሁ ጋሽ ታደሰ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ቁመቴ ያኔም እንዲሁ ነበር፤ በር ሳልፍ ጎንበስ እላለሁ። «ቅርጫት ኳስ ትጫወታለህ፣ ልጄ?» አሉኝ። ደሴ ትምህርት ቤት ሳለሁ ኳሷን ነክቻት አውቃለሁ፤ ከዚያ የዘለለ ነገር የለኝም። በትልቅ ሰው ፊት ደግሞ አዎም አይባል፣ አይደለምም አይባል። አንገቴን ደፍቼ «እሞክራለሁ» አልኩ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እኛ ዘንድ የሚችል ሰው እችላለሁ አይልም። ክራሩን እንደ ሰው የሚያናግረው «እሞክራለሁ» ይላል፤ ድግሱን ብቻዋን የምታወጣዋ «እሞክራለሁ» ትላለች። ጋሽ ታደሰ አጠገባቸው ያሉትን ሽማግሌ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ሁለቱም ፈገግ አሉ። አንገቴን ባቀረቀርኩ ቁጥር ችሎታዬ እየበዛ ሄደ። እኔ ደግሞ በእውነት የምሞክር ልጅ ነበርኩ፤ ያውም ሞክሬ የማይሆንልኝ።

ጄኔቫ ግን ጌታሁን ነበራት። ጌታሁንን ያላየ ሰው እንዴት እንደማስረዳው አላውቅም። በጣም ረጅም አልነበረም። ኳሷን ሲያነጥር አያያትም፤ ሌላ ቦታ እያየ፣ የሆነ ነገር የረሳ መስሎ ይመጣና ድንገት ከቅርጫቱ ሥር ይገኛል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ከእኔ በስድስት ሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ጄኔቫ አንድ ምግብ ቤት ሰሃን ያጥባል፤ ሰሃን ማጠቢያው ቤት ድረስ ሄደው የሚጨብጡት ሰዎች ነበሩ። እሁድ ካሩዥ የትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ውስጥ እሱ ሲጫወት፣ ሴቶቹ የምግብ ዕቃቸውን ክዳን እያጋጩ ይጨፍሩለታል። የሚኖረው የጄኔቫን ማኅበር ከሚመሩት ከጋሽ ወርቅነህ ቤት ነበር፤ ጋሽ ወርቅነህ ልጄ ነው የሚሉት የሚወዱት ሰው።

እንግዲህ ጋሽ ታደሰ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ጌታሁንን ሊጠይቁ ጄኔቫ ሄዱ። ልክ ሴት ልጅ እንደሚጠየቀው ነው። እኔና ነስሩ ዕቃ እንይዛለን ተብለን አብረን ተወሰድን። ሽማግሌ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ሙዝ፣ ብርቱካንና አንድ ሳጥን ቸኮላት ይዘናል። ከሎዛን በፊት ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ ሐይቁ ድንገት ተገለጠ። ነስሩ «ወላሂ ባሕር ነው» አለ። እኔ ደግሞ ሐይቅ መሆኑን ስለማውቅ ጉራ ነዛሁበት። ያን ቀን ጠዋት ደስተኛ ነበርኩ፤ አስታውሰዋለሁ።

የጋሽ ወርቅነህ ቤት ካሩዥ ውስጥ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ በላይ ነበር፤ ደረጃው ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገቡ። እኔና ነስሩ ኮሪደሩ ላይ ከጫማዎቹ አጠገብ ባለች አግዳሚ ተቀመጥን። ጌታሁን ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዞ ከማዕድ ቤት ብቅ አለ። ጋሽ ወርቅነህ እንግዳ ከመቀመጫው ተነስቶ እጁን ሲታጠብ ማየት አይወዱም ነበር። እኛን ሲያይ ቆመና «ምሳ በልታችኋል?» አለን። ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኼ ነው። «ሙስሊም መሆናችሁን ሰምተው ጋሼ ሥጋውን ከእናንተ ሥጋ ቤት ነው ያመጡት፣ ሳትሳቀቁ ብሉ» ብሎ አከለ። ከዚያ ቤት ልንለየው የመጣን መሆናችንን አላወቀም። እኛም የምንሰጥ መሆናችንን አላወቅንም።

ከሳሎኑ የሰማሁት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጌታሁንን ለሐምሌው ውድድር ብቻ አውሱን» አሉ። ጥያቄው ይኼ ብቻ ነበር። አንድ ሐምሌ። ጋሽ ወርቅነህ ግን በቤታቸው ሽማግሌ ተቀምጦ እየለመናቸው ግማሽ መልስ መስጠት አልሆነላቸውም። «ምን ውሰት አለ በመሐላችን» አሉ። «ልጃችሁ አይደለም እንዴ። ውሰዱት።» እንዲህ ሲባል የሚመለሰው ይታወቃል፤ «የለም የለም፣ የእርስዎ ነው፣ ለእኛ ሐምሌው ይበቃናል» ይባላል። ጋሽ ታደሰ ግን በቸርነት መበለጥ የሚችሉ ሰው አልነበሩም። «እንግዲያው እኛም ባዶ እጃችንን አልመጣንም» አሉ። «እነዚያ ውጭ የተቀመጡት ሁለቱም ልጆቻችሁ ናቸው። ረጅሙን አይታችሁታል? እሞክራለሁ ነው የሚለው።» ሳሎኑ ውስጥ የአድናቆት ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ወርቅነህ «ኧረ ይኼማ በዛ» አሉ። ጋሽ ታደሰ «ምን በዛ፣ ከእንግዲህ ዙሪክ አዲስ ከሚመጡት ልጆችም ቀድማችሁ እናንተ ምረጡ» አሉ። አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲጨምር፣ ማን ይቁም? ከዚያ ምርቃት ጀመሩ። ምርቃት ከተጀመረ በኋላ ደግሞ የሚነሳ ሐሳብ የለም።

ጌታሁን ያን ሁሉ ጊዜ ማንቆርቆሪያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ የማየው ጀርባውን ነው። ማንቆርቆሪያው እጁ ላይ ዘንበል ብሎ ውሃው ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ እሱ አላወቀም። ልነግረው ፈለግኩና አፈርኩ። አሜን ሲባል ገባና አንድ በአንድ አስታጠባቸው።

ጋሽ ታደሰ ሆቴላቸው ውስጥ ሥራ አስገኙለትና ጌታሁን ኦፕፊኮን ገባ። እኔና ነስሩ እሁድ በመጣ ቁጥር ከቪንተርቱር ጄኔቫ ድረስ በባቡር መመላለስ ጀመርን። ለመጀመሪያው ጨዋታ የሰጡኝ ማልያ የጌታሁን ነበር፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ዘጠኝ ቁጥሩ በአንድ በኩል በክር ተይዞ። ለእኔ ስላጠረ ጎንበስ ስል ወገቤ ይታያል። አዳራሹ ሙሉ ነው። ሴቶቹ ክዳኖቻቸውን ይዘዋል። ኳሷ መጣችልኝ፣ አነጠርኳት፣ ጫማዬን መትታ ወጣች። ሁለተኛ መጣችልኝ፣ ወረወርኳት፤ ከቅርጫቱ ሰሌዳ ኋላ ያለውን የመስኮት መጋረጃ መታች። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ እንዴት በተሻለኝ ነበር። ከኋላ አንዲት ሴት ብቻዋን ሁለት ጊዜ ክዳን አጋጨችና «አይዞህ የኔ ልጅ» አለች። የዚያች ሴት አይዞህ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳኝ አልነግራችሁም። ፊታቸው ላይ የሚታየው ቁጣ አልነበረም። ሁሉም ሲያዩኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የሚፈልጉ ይመስላሉ።

ከሜዳ ቢያስወጡኝ ይገባኝ ነበር። ግን እንዴት አድርገው? ዙሪክ በሽማግሌ የሰጠችውን ልጅ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ዙሪክን መስደብ ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ አሰለፉኝ። ጄኔቫ በእኔ ምክንያት ትሸነፋለች፣ ከዚያ በየተራ መጥተው ትከሻዬን ይመቱና «ጥሩ ነበርክ» ይሉኛል። እኔም አልችልም፣ ተውኝ ማለት አልቻልኩም፤ እንዲያ ብል ጋሽ ታደሰን ማዋረድ ሆነብኝ። ነስሩ ደህና ይጫወት ነበር። እሱ ደግሞ የእንጨት ሥራ ሊማር ገባና እሁድ የሚባል ቀን ጠፋበት። አዳዲሶቹን ልጆች ቀድሞ የመምረጡ ነገርስ? እሱ ከሁሉ ያስቃል። መብቱን ጄኔቫ አንድ ቀን አልተጠቀመችበትም። የሰው ልጅ አሰልፎ ይኼን ስጡኝ ይኼ ይቅርብኝ ማለት ነውር ነው ብለው፣ «እናንተ ደስ ያላችሁን ላኩልን» አሉ። ዙሪክም ጥሩዎቹን ልካ መጥፎዎቹን ማስቀረት አልሆነላት፣ መጥፎዎቹን ልካ ጥሩዎቹን ማስቀረት ደግሞ አሳፈራት፤ በመጨረሻ ማንንም ሳትልክ ቀረች።

ዙሪክ አንድ ሐምሌ ዋንጫ ወሰደች፤ አልዋሽም። ግን ያዩት እንደሚሉት ጌታሁን እዚያ ሲጫወት ኳሷን ያያት ነበር። ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጉልበቱን አመመኝ አለና ተወው።

እኔ የመኖሪያ ወረቀቴ ሲወጣ ጄኔቫ ቀረሁ። ጋሽ ወርቅነህ ሥራ አስገቡኝ፣ ቤት ፈለጉልኝ፣ ዘሃራን ሳገባ በአባቴ ቦታ ቆሙ። ኳሱን ከተውኩ በኋላ ትራም መንዳት ተማርኩ፤ እሱ ተሳካልኝ። አስራ ሁለት ቁጥርን ይዤ ካሩዥ አደባባይ ስገባ አሁንም አንዳንድ ቀን ያን አዳራሽ በመስኮቱ አያለሁ። ጌታሁን ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ወደ ጄኔቫ ይመጣል ሲባል የምሽት ሥራ እቀያየር ነበር። አንድ ጊዜ ጣቢያው ውስጥ ከሩቅ አይቼው ጋዜጣ መሸጫው ኋላ ተከለልኩ፤ ሻጩ ልሰርቅ መስሎት ተከተለኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ልጄ የቅርጫት ኳስ ልመዝገብ ስትለኝ እንኳ መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነበር።

ይኼን ሁሉ ያን ማታ ለሊና አልነገርኳትም። ነገሩ የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ጌታሁን በጉልበቱ ምክንያት ቀድሞ ጡረታ ወጥቶ ጠቅልሎ አገር ሊገባ ስለሆነ የዙሪኩ ማኅበር ኦፕፊኮን በአንድ የስፖርት አዳራሽ መሸኛ አዘጋጀ። ጋሽ ወርቅነህ ደወሉልኝ። ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል፣ ባለቤታቸው አርፈዋል፣ ያለ ከዘራ አይሄዱም። «ሰይድ፣ አንተ ነህ የምትወስደኝ» አሉኝ። የሥራ ሰዓት ላመካኝ ስል «አውቃለሁ፣ ቅዳሜ ዕረፍትህ ነው» አሉ። ሊና እውነተኛ ኮከብ ነበር ሲባል ሰምታ እኔም እመጣለሁ አለች፤ ከልምምድ በቀጥታ ስለመጣች ከነቦርሳዋ።

አዳራሹ ስንገባ ያው ሽታ ተቀበለኝ። ጠረጴዛዎቹ በቅርጫቶቹ ሥር ተደርድረዋል፣ ልጆች በካልሲ ይንሸራተታሉ። ጌታሁን ከሩቅ አይቶን በአንድ እግሩ እያነከሰ መጣ። ፀጉሩ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ሆኗል። ጋሽ ወርቅነህን ጉልበታቸውን ስሞ ትከሻቸው ላይ ቆየ። እኔን ሲያቅፈኝ «ምሳ በልታችኋል?» አለኝ። ያስታውስ አያስታውስ አላወቅኩም። ምን እንደምመልስ ጠፋኝና ልጄን ወደ ፊት ገፋኋት።

«ኳስ ይዘሻል» አላት ቦርሳዋን እያየ። «ትጫወቻለሽ?»

«አዎ» አለች ሊና። «ጎበዝ ነኝ።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ትሞክራለች» አልኩ።

ሊና ዞራ አየችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ደግ ነበር። ከፊቷ ላይ የሆነ ነገር ጠፋ፤ ካሩዥ አዳራሽ ውስጥ ሰዎቹ ሲያዩኝ ከፊታቸው ይጠፋ የነበረው ዓይነት። «ሜ አባ፣ ግን ለምን እንዲህ ትላለህ? አየኸኝ እኮ ስጫወት። ጎበዝ ነኝ።» በሕይወቴ ብዙ አፍሬአለሁ፤ ግን ያፈርኩት ሌሎች በእኔ በሠሩት ነበር። ይኼኛው የራሴ ነው። መሬቱ ቢሰነጠቅ በገባሁ።

ጌታሁን አልሳቀም። «ተቀመጡ» አለና ወንበር ሳበልን። ለሊና ነገሩን የነገራት እሱ ነው፤ ሽማግሌዎቹን፣ ኮሪደሩን፣ እሞክራለሁን። እሷ አፏን ከፍታ ሰማችው። ሲጨርስ በጣቶቿ ልታሰላ ሞከረች። «ስለዚህ ጄኔቫ ተሸነፈች። ዙሪክም አንድ ዋንጫ ብቻ። አሎር፣ እና ማን አሸነፈ?» ከዚያ ወደ ጋሽ ወርቅነህ ዞረች፣ እኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየተራ በሠርግ በለቅሶ እየሳምናቸው ያልጠየቅናቸውን ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ካልፈለጉ ለምን ሰጡት?»

ልጄን ላስቆማት እጄን ዘረጋሁ፤ ጋሽ ወርቅነህ በከዘራቸው እጄን ወደ ጎን አደረጉት።

«ይመልሱልኛል ብዬ ነዋ» አሉ። «ውሰዱት ስላቸው የለም፣ የእርስዎ ነው ይሉኛል ብዬ። እነሱ ምርቃት ጀመሩ። እኔ... እኔ ምን ልበል?»

ጌታሁን እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። «እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ ጋሼ» አለ። «ማንቆርቆሪያው በእጄ። አንድ ሰው እምቢ አይሰጥም እንዲል እጠብቅ ነበር። በዚያ ሰሞን ልምምድ ሁለት ጊዜ አርፍጄ ነበር፤ በዚያ የተነሳ የጠሉኝ መሰለኝ። እስከ ዛሬም እንደዚያ ነው የመሰለኝ።» ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «አንተንም እሸሽ ነበር፣ ሰይድ። በእኔ የተነሳ ያን የሚያህል መንገድ እየተመላለስክ በሰው ፊት መሳለቂያ ሆንክ ሲሉኝ፣ ምን ዓይን አለኝ ብዬ። አንድ ጊዜ ጄኔቫ ጣቢያ ያየኸኝ መስሎኝ የማይሆን ባቡር ውስጥ ገባሁ።»

ጋዜጣ መሸጫውን ልነግረው ፈለግኩና አፈርኩ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ አንድ «አይሆንም» አጥተን ዕድሜያችንን ጨረስን።

ምግብ ቀረበ። ዘሃራ ከቤት ቀድማ ስለደወለች የእኛ ሥጋ ለብቻ ተሸፍኖ መጣ። እጅ መታጠቢያው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ሰልፍ ተይዞበታል። ጋሽ ወርቅነህ ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉና ተነሱ። ከጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ የውሃ ማንቆርቆሪያውን አነሱ፣ ባዶውን የሰላጣ ጎድጓዳ ሳህን በሌላ እጃቸው ያዙ፣ ጌታሁን ፊት ቆሙ።

«እጅህን ስጠኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ በማርያም። ይቀመጡ። እኔ ነኝ የማስታጥብዎት።»

«እጅህን አልኩህ። ዛሬ አልሰማህም።»

ጌታሁን ሊነሳ ሞከረ፣ ጉልበቱ አልታዘዘውም። ሰው ሁሉ እያየ ነው። በመጨረሻ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ጋሽ ወርቅነህ ማንቆርቆሪያውን በአንድ እጃቸው አዘነበሉት፤ ውሃው ግማሹ ሳህኑ ውስጥ፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጌታሁን አቀርቅሮ እጁን ያሻሻል፣ ያሻሻል፣ የሚለቅ ነገር ያለበት ይመስል አያቆምም። እኔ ሳህኑን ተቀበልኳቸው። ፎጣ አልነበረም፤ ከሊና ቦርሳ ፎጣዋን አውጥቼ ዘረጋሁለት። ያው የጎማ ሽታ አለው።

እጁን እያደረቀ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «እና» አለኝ፣ ቅድም ያልጠየቀ መስሎ፣ «ልጅህ ትጫወታለች?»

ሊና ሳህኗ ላይ አቀርቅራለች፣ ግን እንደምትሰማ አውቃለሁ። አፌ የለመደውን ቃል ይዞ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ጎበዝ ናት» አልኩ።

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ነደደ፤ ሰው መሐል ልብሴን ያወለቅኩ መሰለኝ። የት እንደማይ አጣሁ። ግን መልሼ አልወሰድኩትም።